ዊሊያም ስቶክስ፦ የልብን ድካም በትንፋሽ ውስጥ ያነበቡ ሐኪም

በሕክምና ሙያ ውስጥ የሰዎች ስም ብዙ ጊዜ ከሰዎቹ ሕይወት ተለይቶ ይኖራል። አንድ ወጣት ሐኪም በሌሊት ተረኛነቱ ልቡ ከደከመ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ቆሞ፣ የተኛው ሰው ትንፋሽ ቀስ በቀስ እየጨመረና እየጠለቀ ሄዶ፣ ከዚያም እየቀነሰ መጥቶ፣ በመጨረሻ ጨርሶ ሲቋረጥ ያያል። አስታማሚዎቹ በድንጋጤ ይነሣሉ። ከጥቂት የጸጥታ ጊዜ በኋላ ግን ትንፋሹ በዝግታ ይመለስና ዑደቱን እንደ ገና ይጀምራል። ሐኪሙም በበሽተኛው ካርድ ላይ የቼይን-ስቶክስ አተነፋፈስ ብሎ ይጽፋል። የዚህን ጥምር ስም ሁለተኛ ክፍል ያወረሱት ሰው ማን እንደ ነበሩ፣ ምልክቱን እንዴት እንዳዩትና ከምን ጋር እንዳያያዙት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የዊሊያም ስቶክስ ሕይወት ሊነገር የሚገባው ስማቸው በመማሪያ መጻሕፍት ስለ ቀረ ብቻ አይደለም። ይልቁንም እኒህ ሰው ዕድሜያቸውን በሙሉ የታገሉበት ጥያቄ፣ ማለትም ሐኪም አንድን ምልክት ሲያገኝ ምልክቱን ያክም ወይስ ከምልክቱ በስተጀርባ ያለውን አካል የሚለው ጥያቄ፣ በዘመናችንም የሰው ሕይወት የሚወሰንበት ሆኖ ስለ ተገኘ ነው።

ልጅነትና ትምህርት

ዊሊያም ስቶክስ በ1804 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ተወለዱ። አባታቸው ዊትሊ ስቶክስ ሐኪምና የትሪኒቲ ኮሌጅ መምህር ነበሩ። በ1798 ዓ.ም. በተነሣው የአየርላንድ ዐመፅ ዘመን ለአገራቸው ነጻነት ከሚታገለው ማኅበር ጋር ግንኙነት ነበራቸው ተብለው ለጊዜው ከኮሌጅ ሥራቸው የታገዱ፣ በሃይማኖታቸውም ጥብቅ የነበሩ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ወደ ትምህርት ቤት አልላኩም፤ ቤት ውስጥ በመምህር አስተማሩ እንጂ።

ልጁ በመጀመሪያ ተስፋ የሚጣልበት አልነበረም። ግጥምና ተረት ከማንበብ በቀር ለትምህርት ግድ የሌለው፣ ቀኑን በሕልም የሚያሳልፍ ልጅ እንደ ነበረ ይነገራል። አንድ ቀን ከቤት ውጭ ተኝቶ ሳለ የሞቀ ጠብታ ፊቱ ላይ ወርዶ ቢቀሰቅሰው፣ እናቱ በላዩ ጎንበስ ብለው ስለ ወደፊት ዕድሉ ሲያለቅሱ እንዳገኛቸውና ከዚያች ዕለት ጀምሮ ጠባዩ እንደ ተለወጠ በቤተሰቡ ዘንድ ሲነገር ኖሯል። ኋላ የብዙ በሽተኞችን እንቅልፍ ጎንበስ ብለው የጠበቁት ሐኪም፣ ወደ ትጋት የተመለሱት የራሳቸውን እንቅልፍ በጠበቀች እናት እንባ ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ እርምጃቸው ፈጣን ሆነ። ከአባታቸው ዘንድ የሕክምናን መሠረት፣ በግላስጎው ኬሚስትሪን ተማሩና ወደ ኤድንብራ ተሻገሩ። በኤድንብራ የሕዝብን ድህነት ከበሽታ ነጥለው የማያዩት ሐኪም ዊሊያም አሊሰን መምህራቸው ሆኑ። በ1825 ዓ.ም. በሐኪምነት ተመረቁ።

በዚያው ዓመት ገና ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ወይም ሞልቷቸው እንደ ሆነ ስለ ስቴቶስኮፕ አጠቃቀም የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተሙ። ይህ መሣሪያ በፈረንሳዊው ሐኪም በላኤኔክ ከተፈለሰፈ ዐሥር ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። በእንግሊዝኛ ቋንቋ ስለ መሣሪያው ከተጻፉት የመጀመሪያ መጻሕፍት አንዱ የስቶክስ ነው። በዘመኑ የነበሩ አያሌ ሐኪሞች በእንጨት ቱቦ የሰውን ደረት ማዳመጥን እንደ መጫወቻ ስለ ቆጠሩት፣ የወጣቱ ሥራ የድፍረት ሥራ ነበር።

በሚዝ ሆስፒታል

በ1826 ዓ.ም. ስቶክስ በደብሊን የሚዝ ሆስፒታል ሐኪም ሆነው አባታቸውን ተኩ። ይህ ሆስፒታል የተመሠረተው ሊበርቲስ በሚባለው የከተማው ክፍል የሚኖሩትን ድኾች ለማከም ነው። እዚያም ከሮበርት ግሬቭስ ጋር ተገናኙ። ግሬቭስ በስቶክስ ላይ ስምንት ዓመት ያህል ይበልጧቸው ነበር፤ በአውሮፓ ተዘዋውረው ባዩት ሥርዓት መሠረት ተማሪው በአዳራሽ ተቀምጦ ከማድመጥ ይልቅ በአልጋው አጠገብ ቆሞ፣ አንድ በሽተኛ በኀላፊነት ተሰጥቶት፣ የሕመሙን አካሄድ ከቀን ወደ ቀን እየጻፈ እንዲማር አድርገዋል። ሁለቱ ሰዎች ግሬቭስ እስከ ሞቱበት እስከ 1853 ዓ.ም. ድረስ በወዳጅነት ሠሩ፤ የደብሊንን የሕክምና መጽሔት አብረው መሩ፤ የደብሊን የሕክምና ትምህርትም በመላው አውሮፓ እንዲታወቅ አደረጉ።

የአልጋ ዳር ትምህርት ለስቶክስ የማስተማሪያ ዘዴ ብቻ አልነበረም። ምልክት የሚባለው ነገር ብቻውን ትርጉም እንደሌለው፣ ትርጉሙን የሚያገኘው ከሌሎች ምልክቶች ጋር ተያይዞ በጊዜ ውስጥ ሲታይ እንደ ሆነ ያስተማራቸው ይኸው ሥርዓት ነው። አንድ ጊዜ አዳምጦ የሚሄድ ሐኪም ድምፅ ይሰማል፤ በየቀኑ ተመልሶ የሚያዳምጥ ግን የበሽታውን ታሪክ ይሰማል።

ተስቦ በዚያ ዘመን የአየርላንድ ድኾች የዘወትር መቅሠፍት ነበር። ስቶክስ ራሳቸው በ1827 ዓ.ም. በዚሁ በሽታ ተይዘው ተርፈዋል። የተለመደው ሕክምና በኢትዮጵያ ባህላዊ ሕክምና ዋግምት ከሚባለው ጋር የሚቀራረብ ደም የማፍሰስ ልማድ ሲሆን፣ የተዳከመውን ሰው ይበልጥ የሚያደክም ነበር። ስቶክስ የተስቦ በሽተኞችን ልብ በየቀኑ ሲያዳምጡ፣ በሽታው ሲጠና የልቡ የመጀመሪያ ድምፅ እየደከመ ሄዶ አንዳንድ ጊዜ ጨርሶ እንደሚጠፋ፣ በሽተኛው ሲያገግም ደግሞ እንደሚመለስ አስተዋሉ። በ1839 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ይህን የልብ መድከም ደም ከማፍሰስ ይልቅ በሽተኛውን ለመደገፍ፣ በዘመኑ እንደ ኀይል ሰጪ መድኃኒት የሚቆጠረውንም የወይን ጠጅ መቼ መስጠትና መቼ ማቆም እንደሚገባ ለመወሰን መመሪያ አድርገው አቀረቡ። ዛሬ ተስቦ የሚታከመው በአንቲባዮቲክ እንጂ በወይን ጠጅ አይደለም። ነገር ግን በሩቅ ያለ በሽታ ልብን እንደሚያደክም፣ የሐኪሙም ትኩረት በልቡ ጉልበት ላይ መሆን እንዳለበት የተናገሩት ያን ጊዜ ነው። የኋለኛው ሥራቸው ሁሉ ሥር ይኸው ነው።

በ1837 ዓ.ም. ስለ ደረት በሽታዎች ያሳተሙት መጽሐፍ ስማቸውን ከአየርላንድ ውጭ አስጠራ። በ1838 ዓ.ም. ከሮበርት ስሚዝ ጋር የደብሊንን የፓቶሎጂ ማኅበር አቋቋሙ። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ በሕይወት ሳለ የተመረመረው በሽተኛ ከሞት በኋላ የተገኘበት የአካል ለውጥ ለሁሉም ይቀርብ ስለ ነበር፣ ሐኪሙ በአልጋው አጠገብ የገመተውን በሬሳ ምርመራ ፊት ለፊት ለመፈተን ይገደድ ነበር። ብዙ ሳይቆዩም አባታቸው በያዙት የትሪኒቲ ኮሌጅ የሕክምና ፕሮፌሰርነት ወንበር ላይ ተተኩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታላቁ ረኀብ ነው። ከ1845 ዓ.ም. ጀምሮ የድንች ሰብል በመጥፋቱ አየርላንድ በረኀብና በተስቦ ተመታች። ሐኪሞች በየትኩሳት ሆስፒታሉ በሽተኞቻቸውን ሲያክሙ ራሳቸው እየተያዙ ይሞቱ ጀመር። መንግሥት ለዚህ አደገኛ ሥራ የመደበው አበል በቀን አምስት ሽልንግ ብቻ ነበር። ስቶክስ ከቀዶ ሐኪሙ ከኩሳክ ጋር ሆነው በሥራ ላይ እያሉ የሞቱትን የአየርላንድ ሐኪሞች ቁጥር ከየአውራጃው ሰብስበው አሳተሙ። ባልደረቦቻቸው ሳይቆጠሩ እንዳይቀሩ ማድረጋቸው ለሙያው ካበረከቱት አገልግሎት አንዱ ነው።

ሁለት ሐኪሞች፣ አንድ ምልክት

በስቶክስ ስም የሚጠራው አተነፋፈስ በመጀመሪያ የታየው በእርሳቸው አይደለም። በጥንታዊ የግሪክ የሕክምና ጽሑፎች ፊሊስኮስ ስለሚባል በሽተኛ አልፎ አልፎ ስለሚመጣ ጥልቅ ትንፋሽ ተጽፏል። ስኮትላንዳዊው ሊቅ ጆን ሃንተርም በ1781 ዓ.ም. ተመሳሳይ ነገር አይተው በማስታወሻቸው አስፍረዋል። ግልጽ ሆኖ በሕክምና ጽሑፍ የወጣው ግን በጆን ቼይን እጅ ነው።

ጆን ቼይን በ1777 ዓ.ም. በስኮትላንድ በሊዝ ከተማ ተወልደው፣ በዐሥራ ስምንት ዓመታቸው ከኤድንብራ ተመርቀው፣ በጦር ሠራዊት ሐኪምነት ካገለገሉ በኋላ በ1809 ዓ.ም. ወደ ደብሊን የመጡ ናቸው። በሚዝ ሆስፒታል ሠርተዋል፤ በአየርላንድ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅም የሕክምና ፕሮፌሰር ነበሩ። በ1819 ዓ.ም. ይህን ወንበር ሲለቁ የተተኩት የዊሊያም አባት ዊትሊ ስቶክስ ናቸው። ስለዚህም የሁለቱ ስም በአንድ ላይ መጣመር በአንድ ከተማና በአንድ የሙያ ቤት ውስጥ ከተላለፈ ውርስ የመጣ ነው።

ቼይን በ1818 ዓ.ም. ያሳተሙት ጽሑፍ የአንድ የስድሳ ዓመት ሰው ታሪክ ነው። ሰውዬው ድንገት አእምሮን የሚያስት የአንጎል ሕመም ደርሶበት ነበር። በመጨረሻዎቹ ቀናት ትንፋሹ ለሩብ ደቂቃ ያህል ይቋረጥና በጣም ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ እየበረታና እየፈጠነ ይሄዳል፤ ከዚያም እየቀነሰ እንደ ገና ይቋረጣል። ቼይን ሰዓት ይዘው ቆጠሩ። አንዱ ዑደት አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በዚያም ውስጥ ሠላሳ ያህል ትንፋሽ አለ። ሰውዬው ሲሞት ሬሳው ተመረመረ፤ የልቡ ጡንቻ ወደ ስብ ተለውጦ ተገኘ። ቼይን ያዩትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ጻፉ፤ ነገሩን ለሌሎች ትተው አለፉ። በ1831 ዓ.ም. ከሥራ ተሰናብተው ወደ እንግሊዝ አገር ገጠር ሄዱ፤ በ1836 ዓ.ም. እዚያው ዐረፉ።

ስቶክስ ይህን አንድ ታሪክ አልረሱትም። ከሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1854 ዓ.ም.፣ የልብና የአኦርታ በሽታዎችን የሚመለከተውን ታላቅ መጽሐፋቸውን ሲያሳትሙ፣ ምልክቱን አስቀድመው ያስተዋሉት ቼይን መሆናቸውን መስክረው የራሳቸውን ምልከታ ጨመሩበት። በመጽሐፉ እንደ ተገለጸው፣ ትንፋሹ ደረጃ በደረጃ ወደ ከፍተኛው ይወጣል፤ በዚያው ሥርዓት በኀይልም በርዝመትም እየቀነሰ ይወርዳል፤ በመጨረሻም የቆመ ይመስላል። ይህ ጸጥታ አንዳንድ ጊዜ ይህን ያህል ስለሚረዝም በአጠገብ ያሉ ሰዎች በሽተኛው የሞተ ይመስላቸዋል። ከዚያ አንድ ደካማ ትንፋሽ ይሰማል፤ ቀጥሎም የሚበረታው፤ ዑደቱም ይታደሳል። ስቶክስ ይህን ያዩት ልባቸው በደከመ ሰዎች ላይ ሲሆን፣ ሞት ከመድረሱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የሚመጣ ምልክት አድርገው ቆጠሩት።

ቼይን አንድን በሽተኛ ገለጹ፤ ስቶክስ ግን ትንፋሹን ከልብ ጋር አያያዙ። ሳንባው ላይ በስቴቶስኮፕ የሚሰማ በቂ ምክንያት ሳይኖር ትንፋሽ እንዲህ ሲዛባ፣ ምክንያቱ ሌላ ቦታ መፈለግ እንዳለበት ተገነዘቡ። በደረት በሽታዎች ላይ መጽሐፍ የጻፈ ሐኪም የትንፋሽን ችግር ከሳንባ ውጭ መፈለጉ ትልቅ የአስተሳሰብ እርምጃ ነበር።

ከድምፁ በስተጀርባ ያለው ጡንቻ

ያ የ1854ቱ መጽሐፍ ሊነበብ የሚገባው ስለ አንድ ምልክት ብቻ አይደለም። ስቶክስ ወጣት ሳሉ ስቴቶስኮፕን ያስተዋወቁ ሰው ሲሆኑ፣ በሃምሳ ዓመታቸው መሣሪያው ያመጣውን ስሕተት ለማረም ተነሡ። ሐኪሞች በልብ በሮች ላይ የሚሰማውን ያልተለመደ ድምፅ በማሳደድ ተጠምደው ነበር። የትኛው በር ጠበበ፣ የትኛው ላላ የሚለው ክርክር የሕክምናው ዋና ጉዳይ ሆነ። ስቶክስ ግን የበሽተኛውን ዕድል የሚወስነው ከድምፁ ይልቅ የልቡ ጡንቻ ጉልበት እንደ ሆነ አጥብቀው አስተማሩ። ከፍተኛ ድምፅ ያለው ሰው ብዙ ዓመት ሊኖር፣ ምንም ድምፅ የማይሰማበት ሰው ግን በጡንቻው ድካም ሊሞት እንደሚችል አሳዩ።

ሕክምናውንም ከዚሁ ሐሳብ አወጡት። በዘመኑ የልብ ሕመምተኛ ሁሉ ከአልጋ እንዳይነሣ ይታዘዝ ነበር። ስቶክስ ልባቸው ለደከመ አንዳንድ በሽተኞች፣ በተለይም በሽታው ገና ሥር ላልሰደደባቸው፣ ልከኛና በደረጃ የሚጨምር የእግር ጉዞ አዘዙ። በሽተኛው በሜዳ ላይ ትንሽ ይጀምራል፤ ትንፋሽ ሲያጥረው ወይም ደረቱ ሲጨነቅ ይቆማል፤ ቀስ በቀስም ወደ ዳገት ይሻገራል። ዛሬ ለልብ ድካም የሚታዘዘው የተመጠነ የአካል እንቅስቃሴ ያን ጊዜ ካዘዙት ጋር ይቀራረባል።

በ1846 ዓ.ም. የልብ ምታቸው ዘወትር የዘገየና እራሳቸውን በድንገት ስለሚስቱ ሰዎች ያሳተሙት ጥናትም ከዚሁ መንፈስ የመነጨ ነበር። ሮበርት አዳምስ በ1827 ዓ.ም. የጀመሩትን ምልከታ አስፋፍተው፣ ራስን መሳት የአንጎል ሕመም ብቻ ሳይሆን ከልብ ሊመጣ እንደሚችል አስረዱ። አዳምስ-ስቶክስ የሚለው ሌላው ጥምር ስም የመጣው ከዚህ ነው። በትንፋሽም ሆነ በራስ መሳት፣ ሌላው አካል ሲጮኽ ስቶክስ የሚጠይቁት ስለ ልብ ነበር።

ስቶክስ ያላዩት እንቅልፍ

ስቶክስ ምልክቱን ያስተዋሉት ሞት በቀረበበት ጊዜ ነው፤ በዚያ ደረጃ አተነፋፈሱ በቀንም በንቃትም ስለሚታይ ነው። ቀለል ያለው ገጽታው ብዙ ዓመት ቀድሞ በሌሊት፣ በሽተኛው ተኝቶ ማንም ሳያየው ሊመጣ እንደሚችል በእርሳቸው ዘመን ሊታወቅ አይችልም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የትንፋሽን፣ የአንጎልን፣ የልብንና የደም ኦክስጅንን ሁኔታ የሚመዘግቡ መሣሪያዎች ከመጡ በኋላ ግን ልባቸው ከደከመ ሰዎች ግማሽ ያህሉ በእንቅልፍ ጊዜ ከፍ ያለ የትንፋሽ መዛባት እንዳለባቸው ታወቀ። ይህም ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ጉሮሮ በእንቅልፍ ላልቶ ሲዘጋና የተኛው ሰው ለመተንፈስ እየታገለ አየር ሲያጣ የሚመጣው ነው፤ ማንኮራፋት ብዙ ጊዜ ይከተለዋል። ሁለተኛው ከአንጎል የሚመጣው የመተንፈስ ትእዛዝ ለጊዜው ሲቋረጥ የሚታየው ሲሆን፣ የቼይን-ስቶክስ አተነፋፈስ የዚህ ወገን ነው።

የሁለተኛው ምክንያት ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ብዙ ዘመን ፈጀ። በ1909 ዓ.ም. ዳግላስና ሃልዴን የተባሉት የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እየጨመረና እየቀነሰ የሚሄደው አተነፋፈስ ከደም ጋዞች መለዋወጥ ጋር ያለውን ግንኙነት አሳዩ። በ1956 ዓ.ም. አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ አርተር ጋይተንና ባልደረቦቻቸው በውሾች ላይ ደም ከልብ ወደ አንጎል የሚሄድበትን መንገድ በቱቦ አስረዝመው ይህንኑ አተነፋፈስ ፈጠሩ።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። አንጎል ትንፋሽን የሚያዝዘው በደም ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለካ ነው። ልብ ሲደክም በሳንባ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ የሳንባን ነርቮች እየቀሰቀሰ ሰውየውን ከሚገባው በላይ ያስተነፍሰዋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም ትንፋሽ ወደሚቆምበት ደረጃ ይጠጋል። በንቃት ሳለ ንቃቱ ራሱ ትንፋሽን ይደግፋል፤ እንቅልፍ ሲመጣ ግን ይህ ድጋፍ ይነሣል። በዚህ ላይ ደካማው ልብ ደሙን ስለሚያዘገየው ከሳንባ የተነሣው መልእክት አንጎል ዘንድ የሚደርሰው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ከሩቅ አገር የሚመጣ መልእክተኛ ዘግይቶ ሲደርስ ንጉሡ ለትናንቱ ሁኔታ ትክክል የሆነውን ትእዛዝ ለዛሬው እንደሚያስተላልፍ ሁሉ፣ አንጎልም ትንፋሽ መቀነስ በሚገባው ጊዜ ያበዛል፤ መጨመር በሚገባው ጊዜ ያቋርጣል። ስለዚህ የዑደቱ ርዝመት የደሙን መዘግየት ይናገራል ማለት ነው። ቼይን በ1818 ዓ.ም. በሰዓት ለክተው የጻፉት የአንድ ደቂቃ ዑደት፣ ዛሬ በልብ ድካም በሽተኞች በመሣሪያ ከሚገኘው ልክ ውስጥ ይወድቃል። ስቶክስ ትንፋሹን ከልብ ጉልበት ጋር ማያያዛቸውም በመሠረቱ ትክክል ሆኖ ተገኘ። የተሳሳቱት የልብ ጡንቻ ወደ ስብ መለወጥን ዋነኛ መነሻ በማድረጋቸው ነው፤ ልብን የሚያደክም ማንኛውም በሽታ ይህን ሊያመጣ እንደሚችል፣ የአንጎል ጉዳትም ተመሳሳይ አተነፋፈስ እንደሚያስከትል ዛሬ ይታወቃል።

ይሁን እንጂ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ሕክምናው ላይ መጣ። በልብ ድካም በሽተኛ ላይ ይህ አተነፋፈስ መታየቱ የከፋ ዕድል ምልክት ከሆነ፣ አተነፋፈሱን በማስተካከል ዕድሉን ማሻሻል ይቻል ይመስል ነበር። በ2005 ዓ.ም. ውጤቱ የታተመው የካናዳ ጥናት 258 በሽተኞችን ይዞ፣ በአፍንጫ የሚሰጥ የማያቋርጥ የአየር ግፊት አተነፋፈሱን ቢያሻሽልም ዕድሜ እንደማይጨምር አሳየ። ከዚያ ይበልጥ የተራቀቀ፣ የበሽተኛውን ትንፋሽ እየተከታተለ ጉድለቱን የሚሞላ መሣሪያ ተሠራ። መሣሪያው የቼይን-ስቶክስን አተነፋፈስ ከመዝገቡ ላይ ሊያጠፋው ቻለ ማለት ይቻላል።

በ2015 ዓ.ም. ሰርቭ-ኤችኤፍ በሚል ስም የሚታወቀው፣ 1,325 በሽተኞችን ያካተተው ጥናት ውጤት ሲታተም የሙያው ዓለም ደነገጠ። የልባቸው የመግፋት ኀይል ዝቅ ያለና አብዛኛው የትንፋሽ መቋረጣቸው ከአንጎል ትእዛዝ የመጣ በሽተኞች በዚህ መሣሪያ ሲታከሙ፣ በልብና በደም ሥር ምክንያት የሞቱት ከመቶ 29.9 ሲሆኑ፣ ያለ መሣሪያው ከታከሙት ግን 24.0 ነበሩ። ትንፋሹ ተስተካከለ፤ ሞቱ ጨመረ። ከዚያ በኋላ በሌላ ዐይነት መሣሪያ በ731 በሽተኞች ላይ የተካሄደው ጥናት ጉዳት ባያሳይም ዕድሜ የማራዘም ጥቅም አላገኘም። አንዳንድ ሊቃውንት ይህ አተነፋፈስ የደከመው አካል ራሱን የሚያግዝበት መንገድ ሊሆን እንደሚችል ያስባሉ፤ ሌሎች ደግሞ ጉዳቱ ከመሣሪያው ግፊት የመጣ ነው ይላሉ። ክርክሩ አላለቀም።

የስቶክስ ትምህርት ትርጉሙ የጎላው እዚህ ላይ ነው። በ1854 ዓ.ም. ሐኪሞች የልብን ድምፅ ሲያሳድዱ ጡንቻውን እንዳይረሱ አስጠነቀቁ። ከመቶ ስድሳ ዓመት በኋላ ትንፋሹን ብቻ ያሳደደ ሕክምና ልብን እንዳልረዳ ታየ። ዛሬ የሚመከረው ሥርዓት አስቀድሞ የልብ ድካሙን በሚገባው መድኃኒትና ሌላ ዘዴ ማከም ነው፤ ልብ ሲበረታ አተነፋፈሱ ብዙ ጊዜ አብሮ ይቀላል። የጉሮሮ መዘጋት ያለበት በሽተኛ ደግሞ ተለይቶ የራሱን ሕክምና ማግኘት አለበት። ሁለቱን ሳይለዩ አንድ መድኃኒት ማዘዝ ግን አደጋ ነው።

የመጨረሻ ዘመን

ስቶክስ ከሆስፒታል ውጭ ሰፊ ሕይወት ነበራቸው። በ1828 ዓ.ም. የግላስጎውን ሜሪ ብላክን አግብተው፣ በደብሊን ሜሪየን አደባባይ ያለው ቤታቸው የሊቃውንት፣ የሠዓሊያንና የሙዚቃ ሰዎች መሰብሰቢያ ሆነ። ከልጆቻቸው ዊትሊ የጥንታዊ የኬልት ቋንቋዎች ታላቅ ሊቅ፣ ማርጋሬት የአየርላንድ ጥንታዊ ሕንፃዎች ተመራማሪ፣ ዊሊያም ደግሞ የታወቀ ቀዶ ሐኪም ሆኑ። አባትየውም የአገራቸውን ታሪክ ያጠና የነበረውን የወዳጃቸውን የጆርጅ ፒትሪን የሕይወት ታሪክ በ1868 ዓ.ም. አሳተሙ፤ በ1874 ዓ.ም. የአየርላንድ ንጉሣዊ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ሐኪም ከአልጋው አጠገብ ሲቆም በሽታ ከየት እንደ መጣም ማሰብ እንዳለበት ረኀቡና ተስቦው አስተምረዋቸው ስለ ነበር፣ በኋለኛው ዘመናቸው ለሕዝብ ጤና ጥበቃ ትምህርት አብዝተው ደከሙ። ትሪኒቲ ኮሌጅ በ1871 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ለሠለጠኑ ሐኪሞች የምስክር ወረቀት መስጠት የጀመረው በእርሳቸው ግፊት ነው። ይህም በዐይነቱ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር።

በ1876 ዓ.ም. በቀራጺው በፎሊ የተሠራው የእብነ በረድ ሐውልታቸው በአየርላንድ ሐኪሞች ኮሌጅ አዳራሽ ቆመ። ስቶክስ ገና በሕይወት ነበሩ። በጥር ወር 1878 ዓ.ም. በደብሊን አጠገብ ባለው በባሕር ዳሩ በሆውዝ ዐረፉ፤ በአቅራቢያው በሚገኘው በቅዱስ ፊንታን መቃብር ተቀበሩ።

የስማቸው ዕድሜ ከሐውልቱ ይልቅ በየሆስፒታሉ አልጋ አጠገብ ጸንቶ ኖሯል። የእንቅልፍ መመዝገቢያ መሣሪያ በሌለበት ሆስፒታል የሚሠራ ባልደረባም ቼይንና ስቶክስ ከነበራቸው ያነሰ መሣሪያ የለውም፤ ሰዓትና ጆሮ አለው፤ ሌሊቱን በአልጋው አጠገብ ያሳለፈ አስታማሚም አለ። ልቡ የደከመ በሽተኛ እንዴት እንደሚተኛ፣ ትንፋሹ ሲቋረጥ የታየ እንደ ሆነ፣ ያንኮራፋ እንደ ሆነ፣ በሌሊት ትንፋሽ አጥሮት የሚነሣ እንደ ሆነ አስታማሚውን መጠየቅ፣ ከዚያም ጥቂት ደቂቃ ቆሞ ዑደቱን መቁጠር ብዙ ይገልጣል። ዑደቱ ተቆጥሮ ካርዱ ላይ ሁለቱ ስሞች በተጻፉ ጊዜ የሐኪሙ ሥራ ገና መጀመሩ ነው፤ ቀጥሎ የሚጠየቀው ስለ ልቡ ነውና።